ሁለት ጉልበት ለአንድ ሞተር

አያ ዳኛው ከትክል ድንጋይ ተነሥተው ፀዳ ድረስ የመጡት ሰው ለማስደንገጥ አልነበረም፤ የረሱትን ዕቃ ሊወስዱ ነው። ነጯን ፒካፓቸውን ከጋራዡ በር ላይ አቆሙ፣ ወረዱ፣ አቧራቸውን አራገፉ። ከዚያ ሰላምታው ተጀመረ። የባለ ጋራዡን የአምሐን አባት የመሪጌታን ጤና ጠየቁ፣ የእናቱን ጤና ጠየቁ፣ የእህቱን አራስነት ጠየቁ፣ የዝናቡን ነገር አነሡ። አምሐ እየሣቀ መለሰላቸው። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ጉዳዩ እስኪገባ ድረስ ሞተር አውርዶ መልሶ መግጠም ይቻላል።

«ያቺ ለእህትህ ባል የሸጥሁለት ዲፎርዲ ሚኒባስ እዚህ ናት አሉኝ» አሉ በመጨረሻ።

«ትናንት እዚህ ነበረች። ዛሬ ጧት ቤተሰቡን ጭነው ሄዱ። ምነው አያ ዳኛው?»

«ሣጥኔን ረስቼባት ነው።»

«የምን ሣጥን?»

«የጉልበት ሣጥኔን ነዋ። የሲጋራ ፓኮ የምታህል፣ ከወንበሩ ሥር ከሞተሩ ሽቦ ጋር የምትሰካ። ከመተማ ነው ያመጣኋት። መኪናዋን ስሸጥ ነቅዬ አስቀራለሁ ብዬ በወሬ ረሳኋት። አሁን ለዚች ፒካፕ ልሰካላት ነው፤ ዳገት ባየች ቁጥር ታለከልካለች።»

የአምሐ ሣቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። «እኔ እኮ ትናንት ወንበሩን አንሥቼ ሞተሩን አይቼዋለሁ። ሣጥን የሚባል አላየሁም።»

«እንዴት ታያታለህ፤ በቆዳ አሰፍቻታለሁ እኮ። ውኃና አቧራ እንዳይገባት ብዬ ለክታብ ሰፊ ሰጥቻት ሸጋ አድርጎ ሰፋት። ሽቦዋንም በጥቁር ፕላስተር ከሌላው ሽቦ ጋር ጠቀለልሁት። ቁርጥ ክታብ ነው የምትመስል።»

አምሐ ከአጠገቡ ያገኘው አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ወደ ትናንት ልመልሳችሁ። አምሐ የመሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ የመጨረሻ ልጅ ነው። ዳዊት ደግሟል፤ ጾመ ድጓ ላይ ሲደርስ ልቡ ወደ ሞተር ኮበለለ። አባቱ ተቆጡ፣ አዘኑ፣ ኋላ ተዉት። ዛሬ በፀዳ መኪናን በላፕቶፕ የሚያክመው እርሱ ነው። የዛሬ መኪና ሞተሩ የሚታዘዘው ለኮምፒውተር ነው፤ ናፍጣው ምን ያህል ይረጭ፣ አየሩ ምን ያህል ይግባ የሚለውን የሚወስን ኮምፒውተሩ ነው። አምሐ ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ላፕቶፑን ይሰካና ያንን ትእዛዝ እንደገና ይጽፈዋል። በደጋው አየሩ ስስ ነው፤ ከፋብሪካ የመጣው ልክ ለወገራ ዳገት አይበቃም፤ እርሱ እንደ አገሩ አድርጎ ያስተካክለዋል። ሰዉ «ሶፍትዌር ማስጫን» ይለዋል።

ሰውአገኝ፣ የታላቅ እህቱ የዝማሬ ባል፣ የመጣው ለዚሁ ነበር። የሕፃኗ ልጃቸው ክርስትና ከሊማሊሞ ታች፣ በእርሱ አባቶች አጥቢያ ነው። ዘመድ አዝማዱን ጭኖ ሊማሊሞን መውረድ አለ፤ ጭኖ ዳገቱን መመለስም አለ። «ጉልበት ስጣት» አለ አምሐን።

አምሐ የፊት ወንበሩን አነሣ፤ የዚህ ሚኒባስ ሞተር ያለው ከፊት ወንበሮቹ ሥር ነው። እዚያ ከሽቦው ጋር የታሰረች ጠይም የቆዳ ከረጢት አየ። እጁን ሰበሰበ። መሪጌታ ክታብ አይወዱም፤ ልጆቻቸውን ግን በቆዳ የተሰፋ ነገር በቆሸሸ እጅ እንዳይነኩ አድርገው ነው ያሳደጉት፤ ውስጡ የማን ስም እንደተጻፈ ማን ያውቃል። የአምሐ እጅ ደግሞ እስከ ክርኑ ናፍጣ ነበር። ሰውአገኝን መጠየቅስ? ሰው ስለ ክታቡ አይጠየቅማ፤ ነውር ነው። ሰውአገኝም በበኩሉ የቀድሞው ባለቤት አስሮት የተወው መስሎት፣ ፈትቶ መጣሉን ፈርቶ ዝም ብሏል። ሁለት ጎልማሶች አንዲት ከረጢት ላይ አፍጥጠው፣ አንዱ ሌላውን አፈረ። አምሐ አማተበና ወንበሩን መለሰ።

ሶፍትዌሩን ጫነ። አዘዞ ሜዳ ላይ ሲሞክሯት መኪናዋ ተወረወረች። ጥቁር ጭስ ተፋች። አምሐ «ናፍጣው ነው» አለ። ጉልበቷ ካሰበው በላይ መሆኑን አየ፤ እግዜር ይይለትና በገዛ እጁ ኮራ።

«አያ ዳኛው» አለ አሁን፣ ድምፁ ቀጥኖ። «በሣጥንዎ ላይ ሶፍትዌር ጫንሁበት።»

«ታዲያ ሁለት ጉልበት ሆነላታ። ምን አለበት?»

«ይገድላቸዋል።»

ስልኩን አወጣ። የዝማሬ ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሣችም። የሰውአገኝን ሞከረ፤ የቴሌዋ ሴትዮ በዚያ በለሰለሰ ድምፅዋ ደንበኛው እንደማይገኙ ነገረችው። ዝማሬን ደገመ፤ አሁን የእርሷም አይገኝም። ከወጡ ቆይተዋል። 

«ፒካፕዎን ያንሡ» አለ። «ሊማሊሞ ሳይገቡ እንድረስባቸው።»

አያ ዳኛው ብዙ ያወራሉ እንጂ የሰው ፊት ያውቃሉ። ቁልፋቸውን አወጡ።

አዘዞን፣ ፒያሳን፣ ወለቃን አለፉ። አምሐ በየመንገዱ የቆመ ሚኒባስ ባየ ቁጥር አንገቱን ያወጣል፤ ባላየ ቁጥር ደግሞ ገደሉን ያያል። ወደ ኮሶዬ የሚወጣው ዳገት ሲጀምር ፒካፗ ማለክለክ ያዘች። አያ ዳኛው ማርሽ ቀነሱ፤ እንደገና ቀነሱ። ጀርካን የጫነ የአህያ ጋሪ የሚቀድማቸው መሰለ።

«አየህ» አሉ። «ሣጥኔ ብትኖር ኖሮ ይኼኔ ዳባት ነበርን።»

«አያ ዳኛው፣ ስለ ሣጥንዎ አያንሡብኝ።»

«ምነው? ምን አደረገችህ? ስንት ጊዜ ጭኜባት ወጥቻለሁ።»

አምሐ ዝም ማለት ፈልጎ ነበር። ዝም ሲል ግን የእህቱ ፊት ይመጣበታል፤ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ከዚያ ወንበር ላይ፣ ከሞተሩ በላይ። ማውራት ይሻላል።

«ሣጥንዎ የሚሠራው ዋሽቶ ነው» አለ። «የናፍጣውን ግፊት የሚለካ ነገር አለ። ሣጥኗ መሐል ትገባና ለኮምፒውተሩ ግፊቱ ገና ዝቅተኛ ነው ትለዋለች። እርሱም አምኖ ይጨምራል። ጉልበት የሚሉት ያ ነው።»

«ትዋሻ! እኔን አልዋሸችኝ» አሉ አያ ዳኛው። «ደግሞም የኔዋ ትነቀላለች። ያልወደድኋት ቀን ነቅዬ ኪሴ እከታታለሁ፣ መኪናዋ እንደ ዱሮዋ ትሆናለች። ሌላ መኪና ብገዛ ይዣት እሄዳለሁ። ያንተው በምን ይታያል? አንድ ጎልማሳ ላፕቶፕ ይዞ መጥቶ የመኪናህን አእምሮ ቀየርሁልህ ይለኛል። ምን እንደጻፈባት በምን አውቃለሁ? ሲበላሽ ምኑን ልንቀል?»

«የኔው አይዋሽም። ትክክለኛውን ግፊት ያያል። ከዚህ አትለፍ ብዬ ወሰን አበጅለታለሁ፤ ሙቀቱ ሲበዛ ራሱ ይቀንሳል። የሞተሩን ዕድሜ አይቼ፣ የአገሩን አየር አይቼ ነው የምጽፈው። የእርስዎ ሣጥን ለሁሉም አንድ ናት፤ የበረሃ መኪና ትሁን የደጋ አታውቅም።»

«ወሰን ካለው ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሃል?»

«ወሰኑን የሚያይበት ዓይኑ የእርስዎ ሣጥን ሆነችብኛ» አለ አምሐ። «እኔ እስከዚህ ውጣ አልሁት። እርሷ ገና አልደረስህም ትለዋለች። ያልፈዋል፣ ያለፈም አይመስለውም።»

አያ ዳኛው መሪያቸውን ይዘው ትንሽ ነዱ። የወገራ ሜዳ ተከፈተ፤ ገብሱ ነፋስ ላይ ይተኛል፣ ይነሣል።

«ለብቻዋ ግን ሸጋ ነበረች» አሉ ቀስ ብለው።

«ለብቻው የኔም ሸጋ ነበር።»

ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም። አምሐ የሚያስበውን ግን አላቆመም። ናፍጣው ሲበዛ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። አየር የሚነፋው ቱርቦ ከልኩ በላይ ይዞራል፤ ዳገቱ ላይ ዘይቱን የሚያግደው ማሸጊያው ይላላል። ዳገት ላይ ላይታወቅ ይችላል። ቁልቁለት ሲጀመር፣ ሹፌሩ ከነዳጁ ላይ እግሩን ሲያነሣ፣ በላላው በኩል የሞተር ዘይት ወደ ሞተሩ ይሳባል። ያን ጊዜ ሞተሩ ናፍጣ አያስፈልገውም፤ የራሱን ዘይት እየበላ ይጮኻል። ቁልፍ ብታጠፋ አይሰማህም። ብትነቅለውም አይሰማህም። ዘይቱ እስኪያልቅ ወይም ብረቱ እስኪፈነዳ ይሮጣል። አምሐ ይህን ያየው በቪዲዮ ነበር፤ ሜዳ ላይ በቆመ ባዶ መኪና። ሊማሊሞ ላይ ሰው ጭኖ ያየ የለም፤ ቢያይም መጥቶ አይነግርህም።

ዳባት ላይ ስልኩ ኔትወርክ ያዘ፤ የእነርሱ ግን አሁንም አይገኝም። ደባርቅ ሲገቡ ነዳጅ ማደያው ላይ ቆሙና አምሐ ሳይወርድ በመስኮት ጠየቀ።

«ነጭ ዲፎርዲ፣ ሴቶች የጫነ፣ እልልታ ያለበት?» አለች ቀጂዋ። «እንዴ፣ አሁን እኮ ነው የሄዱት። ዘይት ጎድሎባቸው እዚህ ሞልተው ነው የወጡት። ሰውዬው ጭሷ በዛ ሲል ነበር። ሴትዮዋ እዚሁ እንደር አለችው፤ ቄሱ ይጠብቁናል ብሎ ሄደ።»

ዘይት ጎድሎ ነበር። አምሐ ያ የጎደለው ዘይት የት እንደገባ ያውቃል፤ አሁን ደግሞ ሞልተውለታል።

«እመብርሃን» አለ። የአባቱ ቤት ቃል መጣለት፤ ከልጅነቱ ያልደገመውን ውዳሴ ከመሐሉ ጀምሮ ያነበንብ ጀመር። ቦታው ጠፋበት፤ እንደገና ጀመረ።

ሊማሊሞን የማያውቅ የለም። መንገዱ ከደጋው ጫፍ ላይ ይወድቅና እየታጠፈ፣ እየታጠፈ ቆላ ይገባል። በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በአንድ በኩል ባዶ። አያ ዳኛው ፒካፓቸውን ለቀቋት፤ ቁልቁለት ላይ ሣጥን አያስፈልጋትም። ጎማው ኩርባው ላይ ሲጮኽ አምሐ አልከለከላቸውም። ከእያንዳንዱ ኩርባ በኋላ የተሰበረ አጥር፣ ገደሉ ላይ የተደፈጠጠ ሣር፣ የወደቀ ነጠላ ይፈልጋል። ባጣ ቁጥር ትንፋሹ ይመለሳል፤ ቀጣዩ ኩርባ ሲመጣ ደግሞ ይሄዳል።

መጀመሪያ የሰሙት ጩኸቱን ነበር። ከታች የሚመጣ፣ አንድ ወጥ፣ የማያቋርጥ፤ እንደ ታመመ እንስሳ ጩኸት። ከዚያ ጭሱን አዩ። ሰማያዊ የሆነ ነጭ ጭስ መንገዱን ሞልቶት ነበር።

ሚኒባሷ በቀኝ ጎኗ ከግድግዳው ተጣብቃ፣ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጋ ቆማለች። ሰውአገኝ የሚያደርገው ሲያጣ ከዓለቱ ጋር እየፋቀ አቁሟታል። ብልህ ነው፤ አድኗቸዋል። ግን የተሳፋሪዎቹ በሮች በዚያው በቀኝ በኩል ናቸው፤ ዓለቱ ዘግቷቸዋል። የሚከፈተው የሹፌሩ በር ብቻ ነው። ሹፌሩ ደግሞ ሁለት እግሩን ፍሬን ላይ ተክሎ ተንጠልጥሏል፤ ነቅሎ ያወጣው የመኪናው ቁልፍ በጥርሱ መሐል ነው። ሞተሩ ከመቀመጫቸው ሥር ይጮኻል። የፍሬኑ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከኋላ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ «እግዚኦ» ይላሉ።

አምሐ ከፒካፗ ዘሎ ወርዶ ሮጦ ሲደርስ መኪናዋ እየተንቀሳቀሰች እንደሆነ አየ። በጣም በዝግታ፣ ዓለቱን እየፋቀች፣ ወደ ታች። ከፊቷ ያለው ኩርባ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ እዚያ ግድግዳው ያበቃል።

ድንጋይ አነሣና ከጎማው ፊት ጣለ። ጎማው ገፋው። ሌላ ጣለ።

«የእጅ ፍሬኑስ?» ብሎ ጮኸ።

ሰውአገኝ ቁልፉን ተፋ። «ስቤዋለሁ። አይዝም። ፍሬኑም እየሟሟ ነው። እግሬን ካነሣሁ አለቅን።»

ከአምሐ አጠገብ ፒካፗ አለፈች። አያ ዳኛው ምንም ሳይናገሩ አልፈው፣ ከሚኒባሷ ፊት ገብተው፣ ወደ ኋላ መጥተው የፒካፗን ቂጥ ከሚኒባሷ አፍንጫ ጋር አገጣጠሙ። ብረቱ ተጨራመተ። ሁለቱም መኪኖች ቆሙ፤ ከዚያ አብረው ትንሽ ሸርተት አሉ፣ እንደገና ቆሙ። አያ ዳኛው ፍሬናቸውን ረግጠው፣ ገደሉን ፊት ለፊት እያዩ ተቀመጡ። መውረድ ይችሉ ነበር። አልወረዱም።

ዝማሬ በባሏ ላይ ተሻግራ ሕፃኗን በመስኮቱ አወጣቻት። «ያዛት» አለች። አምሐ ተቀበላት። ልጅቱ ትኩስ ነበረች፣ ነጠላዋ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ አፏን ከፍታ ታለቅሳለች፣ ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ ግን ድምፅዋ አይሰማም።

«አሁን አንቺ ውጪ፣ እታለም። በላዩ ተሻገሪ።»

«ከኋላ እናቱ አሉ። አክስቶቹ አሉ። እነርሱን ትቼ?»

ጊዜ አልነበረም። አምሐ አንድ መላ ብቻ ያውቃል። ሰውአገኝ ፍሪሲዮኑን ረግጦ አምስተኛ ማርሽ ውስጥ ማስገባት አለበት፤ ፍሬኑን ሳይለቅ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ መልቀቅ። ያ ከባድ ማርሽ ሞተሩን ያንቀዋል። ከሞተ ደግሞ መኪናዋ በማርሹ ተይዛ ትቆማለች። ካልሞተ ግን ያ ሁሉ ጩኸት ጎማው ላይ ይወርዳል፤ ፒካፗንና ሽማግሌውን ከፊቷ ገፍታ ከኩርባው ትጥላቸዋለች። ይህንን በመስኮቱ በኩል ለሰውአገኝ ጮኾ ነገረው።

ሰውአገኝ ላብና እንባው ተቀላቅሎ አየው። «ከማርሽ ያወጣኋት በስንት ጣር ነው። መልሼ ላስገባት? አብደሃል?»

«ሌላ የለም። ከመፈንዳቱ በፊት።»

«ምን ሆነ ሞተሩ? አምሐ፣ ምን አደረግኸው?» አለች ዝማሬ።

መዋሸት ይቻል ነበር። ዘይት ነው፣ ናፍጣ ነው፣ ዕቃው አርጅቶ ነው ማለት ይቻል ነበር፤ እዚያ ቦታ የሚመረምር የለም። አምሐ ሕፃኗን ታቅፎ የእህቱን ዓይን አየ።

«ያቺ በቆዳ የተሰፋችው ክታብ አይደለችም። የጉልበት ሣጥን ናት። ፈርቼ አልነካኋትም፣ አፍሬ አልጠየቅሁም። በላይዋ ሶፍትዌር ጫንሁ። እኔ ነኝ።»

«አንተው አበላሽተህ፣ አሁንም አንተን ልስማ?» አለ ሰውአገኝ። 

ዝማሬ ወንድሟን አየች፤ ረጅም መሰለው እንጂ ቅጽበት ነው። ከዚያ እጇን በባሏ ጉልበት ላይ አኖረች። «ስማው» አለች።

ሰውአገኝ ማርሹን ገፋ። አንድ ጊዜ አልገባም፤ የማርሹ ጥርስ ተፋጨ። ገባ። አምሐ ከኋላው ገደሉ እንዳለ እያወቀ፣ ሕፃኗን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ከመስኮቱ አልራቀም፤ መራቅ የሚችል አልመሰለውም። «ቀስ» አለ። «ፍሬኑን አትልቀቅ። ቀስ።»

ሚኒባሷ ዘለለች። ፒካፗን መታቻት፤ ፒካፗ ሸርተት አለች፤ የፊት ጎማዋ ከጥርጊያው ወጥቶ አፈሩ ወደ ገደሉ ረገፈ። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ አጉረመረመ፣ መኪናዋን ሁሉ እንደ ወባ በሽተኛ አንቀጠቀጣት። ሁለት ጊዜ ተንገጫገጨ። ከዚያ ቀጥ አለ።

ጸጥታው ጆሮ ያማል። የሕፃኗ ልቅሶ ያን ጊዜ ተሰማ፤ ቀጭን፣ የተቆጣ ልቅሶ። አምሐ አብሯት አለቀሰ፤ አላፈረም።

በሹፌሩ በር በኩል አንድ በአንድ ወጡ። አማቲቱ መሬቱን ሳሙ። አክስቶቹ መንገዱ ዳር ተደርድረው ቁጭ አሉ፤ የመጡበትን እልልታ ያስታወሰ አልነበረም። ሰውአገኝ ጎማዎቹን በትልልቅ ድንጋይ ካስደገፈ በኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። አምሐን አላየውም። ዝማሬ ልጇን ተቀበለች፤ ጡቷን ሰጠቻት። አምሐ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

አያ ዳኛው ከተጨራመተችው ፒካፓቸው ወርደው፣ በጉልበታቸው ላይ ተደግፈው ትንሽ ተነፈሱ። ከዚያ ወደ ዝማሬ መጡ።

«እኔን ክፉ ሰው አታድርጊኝ ልጄ» አሉ። «ተንኮል አላሰብሁም። ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ያን ጊዜ ከአገራችን ተነሥተን አብረን መተማ የወረድን ሁላችን ያችኑ ሣጥን ገዛን። ስንመለስም አብረን ከሰፊው ቤት ሄደን በቆዳ አሰፋናት። አለነም አሰፍቷል፣ አበቡም አሰፍቷል። እስካሁን ማንንም አልጎዳችም።»

አምሐ ቀስ ብሎ ዞረ። «የትኛው አለነ?»

«አለነ ነዋ፣ ያ ተማሪ የሚያመላልሰው። ምነው፣ አታውቀውም? ባለፈው አንተ ዘንድ ሄዶ ጉልበት አስጨመርሁ እያለ ሲያወራ ነበር።»

አምሐ ያውቀዋል። የአለነን ሚኒባስ ወንበር አንሥቷል። ከሽቦው ጋር የታሰረ ጠይም ቆዳ አይቷል። አማትቦ ወንበሩን መልሷል። የአበቡንም እንዲሁ። ሌላስ? ስንት ወንበር አንሥቶ፣ ስንት ጊዜ አማትቦ መልሶ እንደሆን ሊቆጥር ሞከረና ቁጥሩ ጠፋበት።

ዝማሬ ፊቱን አነበበችው። «ሌላም አለ» አለች። መጠየቋ አልነበረም።

«አለ።»

«ደውል።»

ስልኩን አወጣ፤ እዚያ ከፍታ ላይ ኔትወርክ ነበር። የአለነን ስም አወጣና ቆመ። ለአለነ ምን ይለዋል? ሳላየው ጫንሁብህ? ነገ ጎንደር ይሰማል፣ አባቱ ይሰማሉ፣ ጋራዡ ይዘጋል። ይህን ሁሉ በአንዴ አሰበ፤ በማሰቡም ራሱን ፈራው።

«ደውል አምሐ» አለች እህቱ። ሕፃኗ ጡቷ ላይ ጸጥ ብላለች።

ደወለ። ጠራ። ተነሣ።

«አምሐ ሸጋው» አለ የአለነ ድምፅ፣ ደስ ብሎት። ከጀርባው ልጆች ይዘምራሉ። «ዕድሜህ ይርዘም፣ አሁን ስላንተ እያወራን ነበር። ትምህርት ቤቱ ለጉብኝት ልኳቸው ወደ ደባርቅ እየወሰድኋቸው ነው፤ ኮሶዬን በሙሉ ጭነት አራተኛ ማርሽ ሳልቀንስ ነው የወጣኋት። ምን አድርገህባት ነው?»

«አለነ፣ አሁኑኑ አቁም። ልጆቹን አውርድ።»

«ምን አልኸኝ? ይቆራረጣል።»

«አቁም አለነ። ሞተሯን አጥፋ፣ ልጆቹን አውርድ።»

«አይሰማኝም ወንድሜ። ቆይ ይችን ዳገት ልጨርስና ቁልቁለቱ ላይ እደውልልሃለሁ» አለ አለነ፤ ነዳጁን ሲረግጥ የሞተሩ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ከፍ እያለ መጣ።